ከልብሱ በፊት ልጁ

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

ጳጉሜን ገብታለች፤ አዲሱ ዓመት ደጃፋችን ላይ ነው። በዚህ ሰሞን ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂ፣ ከሲኤምሲ እስከ አያት ባሉት ፎቶ ቤቶች ደጃፍ ያለፈ ሰው ምን እንደሚታይ ያውቀዋል። እናት የሐበሻ ቀሚሷ ጭቃ እንዳይነካው ጫፉን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ በሌላው እጇ ልጅ ትጎትታለች። አባት መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ሲዞር ቆይቶ እያለከለከ ይደርሳል። ለበዓሉ ከውጭ አገር የመጣች አክስት ሰዓቷን እያየች «ቶሎ በሉ እንጂ» ትላለች። አያት ከኋላ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ቀስ ብለው ይመጣሉ። ከመካከላቸው ደግሞ አንድ የሚያለቅስ ልጅ አይጠፋም። የዛሬው ዝግጅታችን ስለዚህ ልጅ ነው።

ርእሱን የመረጥኩት ከራሴ ቤት ተነስቼ ነው። ልጄ ሦስት ዓመት ሲሞላት የቤተሰብ ፎቶ ልንነሳ ቀጠሮ ያዝን። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስዘጋጅ ሰነበትኩ። ሽሮ ሜዳ ወርጄ ከእኔ ጥበብ ጋር የሚመሳሰል ቀሚስ አሰፋሁላት። አዲስ ጫማ ተገዛ። በቀጠሮው ዕለት በማለዳ ተቀሰቀሰችና ሹሩባ ተሠራች፤ እያለቀሰች ነው የተሠራችው። ከአያት ተነስተን መገናኛ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን፤ እሷም መኪናው ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት። ስንደርስ ቀሰቀስኳትና አቅፌ አስገባኋት። ዓይኗን ስትገልጥ ያየችው ነጭ ግድግዳ፣ ዓይን የሚወጋ መብራትና በሕይወቷ አይታው የማታውቀው ሰው ነበር።

«መርፌ አልፈልግም!» ብላ ጮኸች።

ፎቶ ቤት ምን እንደሆነ አንድም ሰው አልነገራትም ነበር። እሷ የምታውቀው ነጭና ብርሃን የሞላበት ክፍል ክትባት የተከተበችበትን ነው። ስለ ቀሚሷ ሁለት ሳምንት ሳስብ፣ ለልጅቷ ሁለት ደቂቃ ሰጥቼ የት እንደምንሄድ አልነገርኳትም። ማታ ቤት ገብተን ቀሚሷን ሳወልቅላት አንገቷ ዙሪያ ቀይ መስመር አየሁ። የጥልፉ ክር በውስጥ በኩል ቋጠሮው አልተሸፈነም ነበር፤ ለካ አንገቷን ሲፈገፍጋት ነው የዋለው። «አትነቅንቂው፣ ይበላሻል» እያልኩ ስቆጣት የነበረው እኮ ያንን አንገትጌ ነው። ፎቶው ዛሬም ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አለ። እንግዳ ሲያየው ቀሚሷን ያደንቃል፤ እኔ ዓይኔ የሚያርፈው አንገትጌው ላይ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እስቲ ደግሞ ወደ ኋላ ልመልሳችሁና አንድ ሌላ ልጅ ላስታውሳችሁ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ጠጥተው ሲወድቁ ልጃቸው ዓለማየሁ ሰባት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ልጅ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲጓዙ ብዙ ሳይቆዩ መንገድ ላይ አረፉ። በዚያው ክረምት ልጁ ባሕር ተሻግሮ፣ እንግሊዝ አገር ዋይት በምትባለው ደሴት፣ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በምትባል ስመ ጥር ፎቶ አንሺ ፊት ተቀመጠ። ያገሩን ልብስ አልብሰውታል፤ አንገቱ ላይ ጌጥ አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ ኖሮ አማርኛ የለመደውና «ባሻ ፈለቀ» እየተባለ ይጠራ የነበረው አሳዳጊው ካፒቴን ስፒዲም አብሮት በተነሳው ፎቶ ላይ የሐበሻ ልብስ ለብሷል። አለባበሱ ምንም አልጎደለውም። የልጁን ፊት ስታዩት ግን ልባችሁ ይወርዳል። ዓለማየሁ በ18 ዓመቱ በ1872 ዓ.ም. እዚያው እንግሊዝ አረፈ፤ የተቀበረውም ዊንዘር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ነው። ያ ፎቶ ግን እስከ ዛሬ ከእኛ ጋር አለ።

የዓለማየሁን ሐዘን ከአንድ ቀን የፎቶ ቤት ልቅሶ ጋር ማነጻጸሬ አይደለም። ያን ፎቶ ባየሁ ቁጥር የማስበው፣ ካሜራ የልጅን ልብስ ብቻ ሳይሆን ልጁ በዚያች ሰዓት የነበረበትን ስሜትም አብሮ እንደሚያስቀር ነው። ትልቅ ሰው ፊቱን መሸፈን ይችላል። የሦስት ዓመት ልጅ አይችልም።

በዚያ ዘመን «አትንቀሳቀስ» የሚባለው በቂ ምክንያት ስለነበረው ነው። ፎቶው የሚቀረጽበት የመስታወት ሰሌዳ ብርሃን የሚቀበለው ቀስ ብሎ ስለነበር ካሜሮን አንድ ፎቶ ለማንሳት ሰውን ደቂቃዎች ታስቀምጥ ነበር። ልጅ ደግሞ ደቂቃ ሙሉ ጸጥ ብሎ አይቀመጥም። ስለዚህ በአውሮፓና በአሜሪካ ፎቶ ቤቶች እናቲቱ ከራስ ጸጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ በጨርቅ ትሸፈንና ወንበር መስላ ሕፃኑን ጭኗ ላይ ትይዘዋለች። እንዲህ ያሉ ብዙ ፎቶዎች ዛሬም አሉ፤ ከሕፃኑ ጀርባ ያለውን ጨርቅ ልብ ብሎ ያየ ሰው የእናት ትከሻና ጉልበት ይለያል። በእኛም አገር ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለቤተ መንግሥት ፎቶ ያነሱ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ኋላም ልጆቻቸው፣ መኳንንቱን ቀጥ አድርገው አቁመው ወይም አስቀምጠው ነው ያነሷቸው። ቀጥ ብሎ፣ ፊትን ኮስተር አድርጎ መነሳት የጨዋነት ምልክት ሆኖ በየሳሎናችን የቀረው ከዚያ ይመስለኛል።

የዛሬው ካሜራ በሰከንድ 1/250ኛ ቅጽበት ያነሳል። ልጅ ቢዘል፣ ቢዞር፣ ቢስቅ ይይዘዋል። «አትንቀሳቀስ» የሚለው ትእዛዝ ምክንያቱ ካለቀ ቆይቷል፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ ልጆቻችንን በእሱ እናሠቃያለን። ጉርድ ፎቶ ሲሆን ይገባኛል፤ ፓስፖርት ላይ ፊት ቀጥ ማለት አለበት። የቤተሰብ ፎቶ ግን ፓስፖርት አይደለም።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ ልጁን እንዴት እናዘጋጀው? ከንግግር እንጀምር። ከቀጠሮው ሦስት አራት ቀን ቀደም ብላችሁ፣ ማታ ከእራት በኋላ፣ አልበሙን አውጡ። «ይቺ አያትህ ናት፤ ይኼ አባትህ ልጅ ሳለ ነው» እያላችሁ አሳዩት። ከዚያ «እኛም ቅዳሜ እንዲህ ያለ ፎቶ እንነሳለን» በሉት። ክፍሉ ምን እንደሚመስል በተራ ቃል ንገሩት፦ ትልቅ መብራት አለ፣ ብልጭ ይላል፣ አያቃጥልም፤ ዣንጥላ የመሰለ ነገር አለ፣ ዝናብ ግን የለም፤ አንድ ሰው ካሜራ ይዞ ይቆማል፤ እኔ አጠገብህ ነኝ፤ መርፌ የለም። ይቺን የመጨረሻዋን ነገር አትርሷት። ትንሽ ልጅ ሐኪም ቤትን የሚያውቀው በመብራቱና በነጭ ግድግዳው ነው።

ከዚያ እቃቃ ተጫወቱ። ቤታችሁን ፎቶ ቤት አድርጉት። አንሶላ ግድግዳው ላይ ይሰቀል፤ በርጩማ ይቀመጥ፤ የስልኩ ፍላሽ ጥቂት ጊዜ ብልጭ ይበል። መጀመሪያ ልጁ ፎቶ አንሺ ይሁን፤ እናንተን ያንሳ። «ወደዚህ እዩ! ተጠጉ!» እያለ ሲያዝዛችሁ የፎቶ ቤቱን ሥራ ከማንም ንግግር በተሻለ ይረዳዋል። ሁለት ማታ እንዲህ የተጫወተ ልጅ ቅዳሜ ሲደርስ እንግዳ ቦታ አይሄድም፤ ወደ ጨዋታው ነው የሚሄደው።

በምንም ምክንያት ፎቶ አንሺውን ማስፈራሪያ አታድርጉት። «ካልተቀመጥሽ ሰውዬው ይወስድሻል»፣ «ዝም በል፣ ዶክተሩ መጣ» የምንለው ነገር አለ፤ ከልማድ የመጣ ነው፣ ክፋት የለውም። ነገር ግን እንዲያ ከተባለ በኋላ ልጁ ለዚያ ሰው ከልቡ እንዲስቅ እንዴት ይጠበቃል?

ልብሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። አዲስ ልብስ መጀመሪያ የሚለበሰው በፎቶው ቀን መሆን የለበትም። ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ቤት ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይልበሰው፤ ይሩጥበት፣ ይቀመጥበት። እናንተ ደግሞ አንገትጌውንና ብብቱን በጣታችሁ ዳብሱ። ጥልፉ በውስጥ በኩል ሻካራ ከሆነ ልብስ ሰፊው ቀጭን ገበር እንዲያደርግበት ጠይቁ፤ ካልተቻለ ከሥሩ ለስላሳ የጥጥ ካናቴራ አልብሱት። ጫማም እንደዚሁ ነው፤ ተረከዝ የሚልጥ ጫማ ከሆነ ልጁ ፎቶው ላይ ፊቱን ሲያጨማድድ ምክንያቱ እግሩ ይሆናል። ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ዓይነት ጥበብ ማድረጉ ያምራል፤ ልጁ የማይመቸው ከሆነ ግን የጥለቱ ቀለም የተቀራረበ፣ ቀለል ያለ ሸሚዝ ይበቃዋል። አራትና አምስት ዓመት የሆነው ልጅ ደግሞ ከሁለት ልብስ አንዱን ራሱ ይምረጥ። የመረጠውን ልብስ «አልለብስም» ብሎ አያስቸግርም።

ሹሩባ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ይሠራ፤ የጭንቅላቱ ሕመም ያልፋል፣ ጸጉሩም ይለምደዋል። የወንድ ልጅ ጸጉርም ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ ይቆረጥ። ያልለመደ ልጅ ማሽን ሲነካው ያለቅሳል፤ ያንን ልቅሶና ፎቶውን በአንድ ቀን አትደርቡበት።

ቀጠሮ ስትይዙ ከሁሉ በፊት የምታዩት የልጁን እንቅልፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ በቀንና በሌሊት ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ ከ3 እስከ 4 ዓመት ያለው ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ልጃችሁ ቀን ከ7 ሰዓት በኋላ የሚተኛ ከሆነ የ8 ሰዓት ቀጠሮ አትቀበሉ፤ «ይቺ ብቻ ናት የቀረችው» ቢሏችሁም አትቀበሉ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ በልቶ ጠግቦ የደረሰ ልጅ ሌላ ልጅ ነው። ከአያት፣ ከጎሮ ወይም ከሰሚት ወደ ቦሌ የምትመጡ ደግሞ መንገዱን አስቡት። ልጁ መኪና ውስጥ ከተኛ ወዲያው ቀስቅሳችሁ አታስገቡት፤ እዚያው ይንቃ፣ ውሃ ይጠጣ፣ ትንሽ በእግሩ ይሂድ። ልብሱንም እዚያው ፎቶ ቤት ቀይሩለት እንጂ ከቤት አልብሳችሁት አትውጡ። ለመክሰስ ሙዝና ደረቅ ዳቦ ያዙ፤ ቀለም ያለው ጁስና ቸኮሌት ይቆይ።

ውጭ መነሳት ለሚወዱ አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ብዙም የማትርቅ ስለሆነች ቀን 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ አናታችን ላይ ትወጣለች፤ ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ትጥላለች፣ ልጅም ዓይኑን ይጨፍናል። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ያለው ብርሃን ለፊት ይመቻል። ደመና የሸፈነው የክረምት ሰማይማ እንደ ትልቅ ስስ መጋረጃ ነው፤ ፎቶ አንሺዎች ይወዱታል። ጎሮና አያት አካባቢ ዝናብ ሲያባራ የየረር ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል። እሱን ከኋላ አድርጎ መነሳት የትኛውም የተሳለ መጋረጃ የማይሰጠው ነገር ነው፤ ልጁም ሣር ላይ ሲሮጥ ፎቶ እየተነሳ መሆኑን ይረሳዋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ፎቶ ቤት ገባችሁ እንበል። ከ8 ወር ገደማ ጀምሮ ሕፃናት እንግዳ ሰው መፍራት ይጀምራሉ። የጤነኛ እድገት ምልክት ነው፤ ማፈሪያ አይደለም። ስለዚህ ፎቶ አንሺውን በትሕትና «እባክህ ወንድሜ፣ አምስት ደቂቃ ስጠን» በሉት። ልጁ ክፍሉን ይዙር፤ ካሜራውን ከሩቅ ይይ። ከቻለ ፎቶ አንሺው በርከክ ብሎ በልጁ ቁመት ልክ ይሁን። ልጆች የሚወዱት ፎቶ አንሺ ከማንሳቱ በፊት ሁልጊዜ መሬት ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው።

«ሳቅ በል!» አይባል። ታዝዞ የሚስቅ ልጅ ጥርሱን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ዓይኑ አይስቅም። ኩኩሉ ተጫወቱ፤ አባት ከፎቶ አንሺው ትከሻ ኋላ ይደበቅና ብቅ ይበል። ታላቅና ታናሽ ካሉ በጆሮ ሚስጥር እንዲነጋገሩ አድርጉ። የልጁ የራሱ አሻንጉሊት ወይም ያረጀች ፎጣው አብራው ትግባ፤ ፎቶው ላይ ብትታይስ ምን አለበት? ከ20 ዓመት በኋላ ያቺ ፎጣ ከጥበቡ ይልቅ ታስለቅሳችኋለች።

መጀመሪያ የሚነሳው ልጁ ያለበት ፎቶ ይሁን። እኛ ብዙ ጊዜ ትላልቆቹን በአክብሮት አስቀድመን ልጁን ለመጨረሻ እናቆየዋለን፤ ተራው ሲደርስ ደክሞታል። አያቶች ይህን ቢነግሯቸው አይከፋቸውም፤ ከልጅ ልጃቸው ጋር ቀድመው ይነሱ። አያት መሀል ላይ ይቀመጡ፣ ልጁ ጉልበታቸው ላይ። በልጅ ልጃቸው ሹሩባ የሚጫወት የአያት እጅ ከመቶ «ቺዝ» ይበልጣል። አንዳንድ እናቶቻችን የልጅ ፎቶ ዓይን ያመጣል፣ ቡዳ ያያል ብለው ይሰጋሉ። አትሳቁባቸው። «እግዜር ያሳድግልሽ» ብለው ትፍ ትፍ ሲሉበት ያንኑ አንሱት፤ ልባቸው ያርፋል፣ ልጁም ይስቃል።

ልጁ አልፈልግም ካለስ? አስር ደቂቃ አርፋችሁ ሞክሩ። እንደገና እንቢ ካለ ሌላ ቀን ተመለሱ። ገንዘብ ከፍላችሁ፣ ቀን ፈልጋችሁ መምጣታችሁ ይገባኛል፤ ለዚህ ነው ቀጠሮ ስትይዙ «ልጁ ካልተመቸው ቀን እንቀይራለን ወይ?» ብላችሁ አስቀድማችሁ የምትጠይቁት።

ድምፅና ብልጭታ የሚያስጨንቃቸው ልጆች ያሏችሁ ወላጆች ደግሞ ከማንም በፊት ላስታውሳችሁ ይገባ ነበር። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል እንዲህ ያሉ ልጆችን ከጓዳ አውጥቶ በአደባባይ እንድናያቸው ብዙ የደከመ ነው። ለእነዚህ ልጆች ፍላሽ ይጥፋ፤ በመስኮት የሚገባ ብርሃን ይበቃል። ክፍሉ ባዶ በሚሆንበት ሰዓት ቀጠሮ ይያዝ፤ ካስፈለገም ፎቶ አንሺው ቤት ይምጣ። እነሱ የሌሉበት የቤተሰብ ፎቶ የቤተሰብ ፎቶ አይደለም።

ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ተነጋገሩ። ፎቶ ቤቱ የልጃችሁን ፎቶ መስታወቱ ላይ ሊለጥፍ ወይም በማኅበራዊ ገጹ ላይ ሊያወጣ ይፈልግ ይሆናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ስለ ልጁ የምትናገሩት እናንተ ናችሁ። ደስ ካላችሁ ፍቀዱ፤ ካልወደዳችሁ «አይሆንም» በሉ፤ ማንም አይቆጣችሁም። ፎቶዎቹንም ስልክ ላይ ብቻ አትተዉ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፤ ቢያንስ ሁለቱን በወረቀት አሳጥባችሁ አልበም ውስጥ አስገቡ።

አድማጮቻችን፣ ለእንቁጣጣሽ ቀጠሮ የያዛችሁ ካላችሁ፣ ሬዲዮውን እንደዘጋችሁ የልጁን ቀሚስ ወይም ሸሚዝ ከቁም ሳጥን አውጡና ገልብጡት። አንገትጌውን በውስጥ በኩል በጣታችሁ ዳብሱ። ከዚያ ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጡና በቀጠሮው ቀን የት እንደምትሄዱ ንገሩት።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)